ምስማር ነው ወይስ መርፌ? ስፒል ላይከኖችን እንዴት እንደምለያቸው

ባለፈው ህዳር ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ያለ ጫካ ውስጥ አንድ ያረጀ ስፕሩስ ዛፍ ስር ተንበርክኬ አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቻለሁ። የማየው ነገር ቁመቱ ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው፣ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ተሰግስገው የቆሙ ቢጫ ቢጫ ያሉ ስፒሎች፣ እና በጣም ደስ ስላለኝ ደብተሬ ላይ የአንዱን ስፒል ላይከን ስም "ካሊሲየም አድስፐርሰም" ብዬ ጻፍኩ፣ ማታ ቤት ገብቼ ደሞ ስዊድኖች ያዩትን ተክልና እንስሳ የሚመዘግቡበት አርትፖርታለን የሚባለው ላይ ከነፎቶው አስገባሁት። ሦስት ሳምንት በዛ ስም ተቀመጠ። ከዛ የጥናት ክበባችን አስተማሪ ፎቶውን አይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፣ "በጣትህ ነክተኸዋል?" አለችኝ። አልነካሁም። ተመልሼ ሄጄ ነካሁት፣ ጣቴ ላይ የቀረው ቡናማ ነበር፣ ጥቁር መሆን ነበረበት። ስሙ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነበር፣ ዝርያው ብቻ ሳይሆን ወገኑም (ወገን የምለው ብዙ ዝርያዎችን አንድ ላይ የያዘውን ቡድን ነው) ጭምር።

ይሄን የምጽፈው ለዛ ነው። በአማርኛ ስለነዚህ ነገሮች የተጻፈ ፈልጌ አላገኘሁም፣ እኔ ደሞ አሁን ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጥ፣ ሌላ አንድ ሰው እንኳን ቢጠቀምበት ይበቃኛል።

መጀመሪያ ላይከን ምን እንደሆነ ባጭሩ። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነገር ነው፣ ፈንገሱ ቤቱን ይሰራል፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። እናቴ ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ረጅሙን "የዛፍ ሽበት" ነበር የምትለው፣ ያ ላይከን ነው። ድንጋይ ላይ ክብ ክብ እያለ የሚለጠፈውም ላይከን ነው። ስፒል ላይከኖች ግን ከነዚህ ሁሉ ለየት ይላሉ፣ ምክንያቱም ልብስ ሰፊ ጋ እንዳለችው ባለ ጭንቅላት ስፒል ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ቀጭን ዘንግ አላቸው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ራስ አለች፣ ራሱ ላይ ደሞ ዱቄት። እኔ ያንን የራሱን ዱቄት "ኩል" ነው የምለው። የኩል መኳያ እንጨት ኩሉ ውስጥ ነክራችሁ ስታወጡት ጫፉ ላይ የሚይዘውን አስቡት፣ ልክ እንደሱ ነው የሚመስለው። ስፖሮቹ ናቸው፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባባቸው እንደ ዘር ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች። በአብዛኛው ላይከን ላይ ስፖሮቹ የሚያድጉበት ከረጢት ራሱ ነው ወደ ውጭ የሚተኩሳቸው፣ እነዚህ ላይ ግን ከረጢቶቹ ቶሎ ሟምተው ይጠፉና ስፖሮቹ ራሱ ላይ ተከምረው ይቀመጣሉ፣ ነፍሳት ሲያልፉ ምናምን እግራቸው ላይ ይዘውት እስኪሄዱ።

ስዊድኖች በጥቅሉ "ክናፕኖልስላቫር" ይሏቸዋል፣ ስፒል ላይከኖች እንደማለት ነው። በጣም የወደድኩት ግን ለየወገኑ የሰጡት ስም ነው። ካሊሲየም የሚባለውን ወገን "ስፒክ" ይሉታል፣ ምስማር ማለት ነው። ኬኖቴካ የሚባለውን "ኖል" ይሉታል፣ መርፌ። ኬኖቴኮፕሲስን ደሞ "ስቫርትስፒክ"፣ ጥቁር ምስማር። እኔ ላቲኑ አልያዝ ብሎኝ ሲያስቸግረኝ ምስማርና መርፌ ሲባል ወዲያው ገባኝ፣ ምክንያቱም በርግጥም ካሊሲየሞቹ ወፈር ጠንከር ያሉ ጥቁር ናቸው፣ ኬኖቴካዎቹ ደሞ አብዛኞቹ ቀጠን ረዘም ይላሉ።

በነገራችን ላይ እነዚህ ሦስቱ ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ድሮ ስፒል የሚመስለው ሁሉ አንድ ላይ ነበር የሚመደበው፣ ሌይፍ ቲቤል የሚባለው የኡፕሳላ ሳይንቲስት ዕድሜውን ሙሉ እነዚህን ሲያጠና ነው የኖረው፣ ምደባው እንደማያስኬድም ካሳዩት አንዱ እሱ ነው፣ በኋላ ደሞ የዲኤንኤ ጥናቶች መጡና ጭራሽ ካሊሲየም አንድ ቦታ፣ ኬኖቴካ ሌላ ቦታ፣ ኬኖቴኮፕሲስና እሱን የሚመስለው ሚኮካሊሲየም የሚባል ሌላ ወገን ደሞ እነ ፔኒሲሊየም (ፔኒሲሊን መድኃኒት የተገኘበት ሻጋታ) ካሉበት የፈንገስ ቅርንጫፍ ጋር ሆነው ተገኙ። ማለትም የፈንገሶች የዘር ሐረግ ውስጥ ራቅ ራቅ ብለው ያሉ ወገኖች እየብቻቸው ስፒል መሆንን አገኙት። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ነገሩ ልቤን የያዘው። በአይን አንድ የሚመስል ነገር ስር ሦስት የተለያየ ታሪክ አለ፣ እና በአስር እጥፍ ሌንስና በጣትህ ጫፍ መለየት ትችላለህ።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚደረገው የጣት ነገር ነው። ብዙ ስፒል ካለበት ቦታ አንዱን ብቻ መርጣችሁ በስሱ ነካ፣ ወይም ነጭ ወረቀት ጫፉ ላይ ነካ ማድረግ። ጥቁር እንደ ጥላሸት ከቀረ ካሊሲየም ነው። ቡናማ፣ የተወቀጠ ቡና ዓይነት ከሆነ ኬኖቴካ። ምንም ካልቀረና ራሱ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ኬኖቴኮፕሲስ ወይም ሚኮካሊሲየም ዓይነት ነው፣ እነሱ ኩል የላቸውም፣ ከረጢታቸው አይሟሟም። ስክሌሮፎራ የሚባሉ ፈዛዛ፣ ዘንጋቸው ራሱ ነጣ ያለ አሉ፣ የነሱ ኩል ፈካ ያለ ነው፣ ያረጁ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ላይ ነው የሚገኙት። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ገና ያልበሰለ ራስ ኩል አላወጣም፣ በጣም ያረጀ ደሞ ተራግፎ አልቋል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት በተለያየ ዕድሜ ያሉ ማየት ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ የተሳሳትኩበት፣ ቀለም ነው። ማለቴ ቀለሙ ራሱ አይደለም ዋናው፣ ቀለሙ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከኩሉ ሌላ እነዚህ ነገሮች ላይ በጣም ስስ የሆነ ዱቄት የሚነሰነስበት ጊዜ አለ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ወይም የዝገት ቀለም። እኔ ቢጫ ሳይ "ቢጫ ያለው አድስፐርሰም ነው" ብዬ ዘለልኩ። እዚህ አገር ግን ቢጫ ዱቄት ያላቸው ቢያንስ አምስት ዝርያዎች አይቻለሁ፣ እና ሁሉም ቢጫቸውን ያስቀመጡበት ቦታ ይለያያል።

ካሊሲየም አድስፐርሰም ቢጫው ከላይ ነው፣ ራሱ አናት ላይ፣ ጥቁር ኩል ላይ እርድ ነስንሰውበት እንደማለት። ራሱ ስፒሉም ወፍራም ነው፣ ዘንጉ አጭርና ጠንካራ፣ ስሩ ያለው ገላ ደሞ (ገላ የምለው ቅርፊቱ ላይ የተነጠፈውን የላይከኑን አካል ነው) ግራጫና ጎርበጥ ያለ። እዚህ በብዛት የማገኘው ኦክ የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ ነው። ስዊድኖቹ "ቢጫ ፓውደር የተቀባ ምስማር" ነው የሚሉት፣ ስሙ ራሱ ይነግርሃል።

ካሊሲየም ትራቢኔለም ቢጫው ከስር፣ የራሱ ጠርዝ ዙሪያ ነው፣ በቢጫ ክር እንደተዘመዘመ ጥለት። አናቱ ጥቁር ነው። ቅርፊት ላይ አትፈልጉት፣ ቅርፊቱ የወለቀ ጠንካራ ደረቅ እንጨት ላይ ነው የሚኖረው።

ኬኖቴካ ክሪሶሴፋላ፣ እኔን ያሳሳተኝ፣ ቢጫው ከራሱ ስርና ከዘንጉ የላይኛው ክፍል ላይ ነው፣ ግን ዋናው ምልክቱ ገላው ራሱ ቢጫ መሆኑ ነው፣ እንደ ደቃቅ ክክ ጥርጥር ያለ ቢጫ ፍርፋሪ ቅርፊቱ ላይ ተበትኖ። እኔ ያየኋቸው ራሶች ገና ለጋ ነበሩና ቢጫው ከላይም ከታችም ሸፍኗቸው ነበር፣ ስፒሉን ብቻ አተኩሬ ስላየሁ ደሞ ስሩ የተነጠፈውን ቢጫ ገላ ጭራሽ ልብ አላልኩትም። አሁን ፎቶውን ሳየው መሀሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ዛፉም ስፕሩስ ነበር፣ ኦክ አልነበረም፣ እሱም ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ኬኖቴካ ፌኦሴፋላ ዘንጉና የራሱ ስር ላይ ቢጫ አረንጓዴ ዱቄት አለው፣ ገላው ግን ቡናማ ጥቃቅን ቅርፊት ቅርፊት ነው፣ ያረጀ ኦክ ስንጥቅ ውስጥ። በመጨረሻም ኬኖቴካ ፈርፈራሲያ፣ ይሄ በጣም የሚያምር ነው፣ ከስር እስከ ላይ ዘንጉም ራሱም ገላውም ሁሉ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ ነፋስ የገነደሰው ስፕሩስ ስሩ ተነቅሎ ሲቆም ከስሩ ሥር ጨለም ያለው ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ፣ በሞባይል መብራት ስታበሩበት ያበራል። ስዊድኖች ያረጀ ነሐስ ላይ በሚወጣው አረንጓዴ ነገር ነው የሰየሙት። ጀማሪ ከዚህ ይጀምር ነው የምለው፣ ከሌላ ጋር መምታታቱ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ቆሞ የደረቀ ፓይን (ፓይን የምለው አገር ቤት ጥድ ከምንለው ጋር እንዳይምታታ ነው)፣ ቅርፊቱ ወልቆ እንጨቱ ብር የመሰለ፣ እንደዚህ ዓይነት አንድ ግንድ ላይ አራት ካሊሲየም አጠገብ ለአጠገብ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ሚሊሜትር ገደማ፣ ሁሉም ገላቸው እንጨቱ ውስጥ የሰመጠ ስለሆነ ገላ አይቶ መለየት አይቻልም። እዚህ ጋ ሌንሱን ከጎን ይዞ የራሱን ጠርዝ ከስር ማየት ነው፣ ከላይ ካያችሁ አራቱም አንድ ናቸው። ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ካለ ግላውሴለም፣ ቢጫ ክር ካለ ትራቢኔለም፣ የራሱ ስር በሙሉ የዝገት ቡናማ ዱቄት ካለበት ሳሊሲነም፣ ምንም ከሌለ አቢየቲነም ብላችሁ ለጊዜው ትጽፋላችሁ፣ ለጊዜው የምለው ነጩ ዱቄት ተጠርጎ የጠፋበት ግላውሴለም ምንም እንደሌለው ስለሚመስል ነው። ብዙ ራሶች ማየት ያለብን ለዛ ነው፣ ከሃያ ራስ ሦስቱ ላይ እንኳን ነጭ ጠርዝ ካለ ግላውሴለም ነው። እርጥብ ሲሆን ደሞ ዱቄቱ ጭራሽ አይታይም፣ ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግስት የጻፍኩትን ስም ሁሉ ጥያቄ ምልክት አደርግበታለሁ።

ካሊሲየም ቪሪዴ የሚባለው አረንጓዴው ምስማር ከሁሉም የተለመደው ነው፣ ቅርፊት ላይ ይወጣል፣ ገላው ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ጥርጥር ያለ፣ ራሱ ከስር ቡናማ። ሳሊሲነምም ከስር ቡናማ ነው። ስለዚህ ገላው የሳሳ ቪሪዴ ከሳሊሲነም ጋር ይምታታል፣ የኔ መፍትሄ ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል መፈለግ ነው፣ ቪሪዴ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ አረንጓዴ ገላው ይገኛል፣ ደሞ ቅርፊት ላይ ነው ወይስ እንጨት ላይ የሚለው ራሱ ግማሽ መልስ ነው።

ግራጫ ገላ ያላቸው መርፌዎች ደሞ አሉ፣ እነሱን ቶሎ ልለፋቸው። ትሪኪያሊስ ገላው ግራጫ አረንጓዴ ጥቃቅን ቅርፊት ነው፣ የራሱ ስር ነጭ ዱቄት አለው። ስቴሞኒያ እሱን ይመስላል ግን ገላው ደቃቅ ዱቄት ነው፣ እንደ ቡላ ልም ያለ። ብሩኒዮላ እንጨት ላይ ነው፣ ገላ የለውም ማለት ይቻላል፣ ዱቄትም የለውም፣ ዘንጉ የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ፈሩጂኒያ ግራጫ ገላው ላይ የዝገት ጠብታ ጠብታ አለው፣ እሱ ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ኬሚካል ጠብ ስታደርጉበት ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፣ መጀመሪያ ቀን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። (ቆዳ ያቃጥላል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ቆልፉበት።) ዝገቱ ደከም ያለበት ፈሩጂኒያ ከትሪኪያሊስ ጋር ሲምታታብኝ አልጌውን ነው የማየው፣ ከገላው ቅንጣት ወስጄ በውሃ ጨፍልቄ ማይክሮስኮፕ ስር፣ ፈሩጂኒያ ጋ የሚኖረው ትሬቡክሲያ የሚባለው ክብ ክብ አልጌ ነው፣ ትሪኪያሊስ ጋ ደሞ ስቲኮኮከስ፣ አጫጭር በትር የመሰለ። ፈንገሶቹ ተመሳስለው ጎረቤታቸው አልጌ ይለያቸዋል ማለት ነው፣ እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው።

ማይክሮስኮፕ ካልኩ አይቀር፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ አራት መቶ እጥፍ የሚያሳይ ከሆነ ለወገን ደረጃ ይበቃል። የካሊሲየም ስፖር ጥቁር ቡናማ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ነው። የኬኖቴካ ከጥቂቶቹ በስተቀር ክብ ኳስ ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ። ኩል የሌላቸው ላይ ሚኮካሊሲየም አንድ ክፍል ያለው ሞላላ፣ ኬኖቴኮፕሲስ አብዛኞቹ ሁለት ክፍል፣ አልደር የሚባለው ዛፍ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ የሚገኘው ስቴኖሲቤ ደሞ አራት ክፍል አለው። ጥያቄ ምልክት ካደረግኩባቸው ስሞች ውስጥ ብዙዎቹ እዚህ ጋ ይፈታሉ። ኤሪክ አካሪየስ የላይከን ጥናት አባት የሚባለው ስዊድናዊ ሐኪም (1757–1819) ግን ብዙዎቹን በዛን ጊዜ መሣሪያ አይቶ ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል፣ ሌንሴን ባነሳሁ ቁጥር እሱን አስባለሁ።

ስሞቹም ይቀየራሉ፣ አትደንግጡ። በፈረንጆቹ 2016 በወጣ ጥናት ዘንግ የሌላቸው፣ ድሮ ሳይፌሊየም ይባሉ የነበሩ ዝርያዎች ካሊሲየም ውስጥ ገብተዋል፣ ስለዚህ አሮጌ የእንጨት ጎተራና አጥር ላይ ቢጫ ምንጣፍ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ቲጊላሬ ዛሬ ካሊሲየም ነው፣ ስፒል ባይመስልም።

የት ነው የምፈልጋቸው የሚለው ደሞ አለ። ዝናብ በቀጥታ አይወዱም ብዙዎቹ፣ ከአየር እርጥበት ነው የሚጠጡት፣ ስለዚህ ያዘመመ ግንድ ካለ ከሆዱ በኩል፣ የኦክ ጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ፣ የተቦረቦረ ዛፍ አፍ ላይ። ሁለተኛ፣ ያረጀ ነገር ይፈልጋሉ። ጫካው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ እንደገና ሲተከል ዛፉ ይመለሳል፣ ቆሞ የደረቀው ፓይንና ጥልቅ ስንጥቅ ያለው ቅርፊት ግን ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት፣ ለዛ ነው እዚህ አንዳንዶቹ፣ አድስፐርሰምም ጭምር፣ ጫካው ጥበቃ ይገባዋል የሚለውን ለመጠቆም እንደ ምልክት ዝርያ የሚታዩት፣ አሜሪካ ሜይን ውስጥ ስቲቨን ሴልቫ የሚባል ተመራማሪም በነዚህ ስፒሎች የጫካን ዕድሜና ቀጣይነት መለካት ይቻላል ብሎ ሰርቶበታል። እንግዲህ የኔ ስህተት ቀላል አልነበረም። በሌለበት ቦታ አድስፐርሰም አለ ብዬ መዝግቤ ነበር፣ ያንን መዝገብ አይቶ ሌላ ሰው ስለዛ ጫካ ሊወስን ይችላል። በዛው ማታ ገብቼ አስተካከልኩት፣ ምክንያቱንም ጻፍኩበት።

እኔ ብዙ ጊዜ የምሄደው ቲሬስታ ነው፣ ከከተማው 20 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ ከ1993 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ የሌሊት ፈረቃዬ ሲያልቅ አውቶቡስ ይዤ ጠዋት እገባለሁ። እዛ ምንም አይወሰድም፣ በሌንስና በካሜራ ብቻ ነው። ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ናሙና የምወስደው ሌላ ቦታ የመሬቱን ባለቤት ጠይቄ ነው፣ የተፈቀደልኝ ከወደቀ ግንድ ላይ ነው፣ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ስንጥር ይበቃል። በወረቀት ፖስታ፣ በፌስታል አይሆንም ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቦታ፣ ቀን፣ የዛፉ ዓይነት፣ ቅርፊት ወይስ እንጨት፣ ከየትኛው አቅጣጫ፣ የጣት ቀለም። ስሙን መጨረሻ ላይ፣ በእርሳስ።

ትናንት ማታ ጥር ላይ ያመጣሁትን አንድ ፖስታ እንደገና ከፈትኩ። "ትሪኪያሊስ" ይላል፣ ትክክል ነው፣ ግራጫው ገላ አለ፣ ነጩ ዱቄት አለ፣ ክብ ስፖር አለ። ከመርፌዎቹ መሀል ግን ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ፣ አናቷ የሚያብለጨልጭ፣ ወረቀት ሳስነካት ምንም ያልቀረባት አንዲት ጥቁር ቆማለች፣ ከዛው ከትሪኪያሊስ ገላ ላይ የበቀለች። ከኬኖቴኮፕሲሶች ውስጥ ሌላ ላይከን ላይ ተጠግተው የሚኖሩ አሉ፣ ስፖሯም ሁለት ክፍል ነው። ከስሙ ስር በእርሳስ ኬኖቴኮፕሲስ ብዬ ጨምሬ ፖስታውን ዘጋሁት፣ ማክሰኞ ለአስተማሪያችን ይዤላት እሄዳለሁ።